በየመንገዱ ማዕዘን ያለው «የሕዝብ ቤት»

ዛሬ ስለ እንግሊዝ መሸታ ቤት ላወጋችሁ ነው። ገና ርእሱን ሲያይ «እኔ መጠጥ ቤት አልረግጥም» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሱም ቢሆን ግን ለንደን ውስጥ በምድር ባቡር ከሄደ አንድ ቀን በመሸታ ቤት ስም መውረዱ አይቀርም። ኤንጀል የሚባለው ጣቢያ መልአክ የታየበት ሥፍራ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ስም የሚጠራ የመንገደኛ ማረፊያና መጠጥ ቤት የነበረበት ነው። ኤለፋንት ኤንድ ካስል፣ ስዊስ ኮቴጅ፣ ሮያል ኦክ፣ ማነር ሀውስ፣ ሁሉም ስማቸውን ያገኙት ከመሸታ ቤት ነው። እኛ አዲስ አበባን በጊዮርጊስና በልደታ እንደምንለይ፣ እንግሊዝ ሰፈሩን በመጠጥ ቤቱ ይለያል ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ምልክቱም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ጠላ የደረሰላት ሴት ከደጃፏ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች፤ መንገደኛውም ሳይጠይቅ ይገባል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝም እንዲሁ ነበር። በየቤቱ የሚጠምቁት አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ መጠጡ ሲደርስ ጫፉ ላይ ቅጠል የታሰረበት ረጅም እንጨት ወደ መንገዱ ያወጡ ነበር። በ1393 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ጠማቂው ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዘ፤ መጠጡን እየቀመሱ የሚፈትሹት ሹማምንት ቤቱን እንዲለዩት ነው። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለነበረ ምልክቱ ሥዕል ሆነ። ዛሬም በብዙ ከተማ ኋይት ሃርት የሚባል ፐብ ታያላችሁ፤ ነጭ አጋዘን ማለት ነው፣ የዚያው የንጉሥ ሪቻርድ ዓርማ ነበረ። ሮያል ኦክ ደግሞ በ1651 ቻርልስ ሁለተኛ በጦርነት ተሸንፎ የተደበቀበት የዋርካ ያህል ግዙፍ ዛፍ ነው። የማያነብ ሕዝብ ታሪኩን በየደጃፉ ሰቅሎ ኖረ ማለት ነው።

ፐብ የሚለው ቃል «ፐብሊክ ሀውስ»ን ያሳጠረ ነው፣ የሕዝብ ቤት። በ1830 የወጣ ሕግ ግብር ከፋይ የሆነ ባለቤት ሁሉ ሁለት ጊኒ ከፍሎ በገዛ ቤቱ ቢራ እንዲሸጥ ስለፈቀደ፣ በሠራተኛው ሰፈር በየማዕዘኑ አንድ አንድ ተከፈተ። ቤቱ የሕዝብ ቢባልም ውስጡ ግን በግድግዳ የተከፋፈለ ነበር። በአንደኛው በር ፐብሊክ ባር የሚሉት፣ ወለሉ ባዶ፣ ሠራተኛው ከነቆሻሻ ልብሱ የሚቆምበት፤ በሌላው በር ደግሞ ምንጣፍና ለስላሳ ወንበር ያለው ላውንጅ፣ ለዚያው ቢራ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ የሚከፈልበት። ሴቶችም ቢሆኑ በብዙ ቦታ እንደልብ አይስተናገዱም ነበር። ፍሊት ስትሪት በሚገኝ አንድ የወይን ቤት ሴት እንደ ወንዱ ባንኮኒው ጋ ቆማ እንዳታዝ መከልከሉ ከሕግ ውጭ ነው የተባለው በ1982 ነው፤ ያውም ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ።

ጥቁሩስ በየትኛው በር ይግባ? እዚህ ላይ ሁለት ከተሞች ይታወሱኛል።

የመጀመሪያይቱ በሰሜን እንግሊዝ፣ ፕሬስተን አጠገብ ያለችው ባምበር ብሪጅ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጩን እንደለየ ነበር ባሕር ተሻግሮ የመጣው። በባምበር ብሪጅ የሰፈረው የጭነት መኪና ክፍል ወታደሮቹ ጥቁሮች፣ መኮንኖቹ ከጥቂቶች በቀር ነጮች ነበሩ። አዛዦቹ መሸታ ቤቶቹም ዘር እንዲለዩ ጠየቁ። የመንደሩ ሰዎች ታዲያ፣ እስከ ዛሬ እንደሚነገረው፣ «ለጥቁር ወታደሮች ብቻ» የሚል ጽሑፍ በየበራቸው ለጠፉ። ለዩ ካላችሁ ይኸው ለየን ማለታቸው ነው!

ጁን 24 ቀን 1943 ማታ፣ ኦልድ ሆብ ኢን በሚባለው የሣር ክዳን ቤት፣ የአሜሪካ ወታደራዊ ፖሊሶች አንዱን ጥቁር ወታደር «የደንብ ልብስህ አልተሟላም» ብለው ሊይዙት መጡ። የመንደሩ ሰዎችና እዚያው የነበሩ እንግሊዛውያት ሴት ወታደሮች ከጥቁሮቹ ጎን ቆሙ። ፖሊሶቹ ለጊዜው ቢሄዱም በኋላ መንገድ ላይ ግጭት ተነሣ፣ ጥይት ተተኮሰ። በዚያ ሌሊት ዊልያም ክሮስላንድ የተባለ ጥቁር ወታደር ሞተ። ከ30 የሚበልጡ ጥቁር ወታደሮች በጦር ፍርድ ቤት በአመፅና በሌላም ጥፋት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ግን ቅጣቱ ተቀነሰላቸው። ቤቱ ዛሬም አለ። ፊት ለፊቱ በ2022 የመታሰቢያ የአትክልት ሥፍራ ተሠርቷል።

ይህን ሰምተን ግን እንግሊዞቹን ሁሉ ጻድቅ እንዳናደርጋቸው፣ ሁለተኛይቱ ከተማ በርሚንግሃም ጥግ ያለችው ስሜዚክ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ የፑንጃብ ሰዎች በብረት ማቅለጫዎቿ ሊሠሩ መጡ። ቀን ከእሳት ጋር ሲታገል የዋለው ሰው ማታ ብሉ ጌትስ የሚባለው ፐብ ሲገባ ፐብሊክ ባሩ ውስጥ ይቀዳለታል፤ ምንጣፍ ወዳለው ክፍል ካለፈ ግን አይቀዳለትም። ያ የቆየ ግድግዳ ሠራተኛውን ከጌታው ይለይ የነበረው፣ አሁን ቀለም መለያ ሆነ። የሕንድ ሠራተኞች ማኅበር ዝም አላለም። ከአባላቱ አንዱ አቭታር ሲንግ ጁህል ከነጭ ተማሪዎች ጋር እየሆነ በየፐቡ ይዞር ነበር፤ ነጩ ሲያዝ ይቀዳለታል፣ ሕንዱ ሲያዝ «የለም» ይባላል፣ ማስረጃውም ይያዛል። ፌብሯሪ 12 ቀን 1965 ማልኮልም ኤክስ ራሱ ስሜዚክ ድረስ መጥቶ ከጁህል ጋር ብሉ ጌትስ ገባ፤ እሱም በዚያ ክፍል አልተስተናገደም። ከ9 ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ተገደለ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ መሸታ ቤትና ሆቴልን በመሳሰለ የሕዝብ መገልገያ ሥፍራ ሰውን በቀለሙ መከልከልን አገደ። ቤት ማከራየትንና ሥራ መቅጠርን አልነካም ነበር፤ ለነሱ እስከ 1968 መጠበቅ ግድ ሆነ። ማለት እንግሊዝ አገር ጥቁር ሰው ቤት የመከራየት መብቱ ሳይጠበቅለት በፊት ቢራ የመጠጣት መብቱ ነው በሕግ የተጠበቀለት። (አልኮል የማይቀምሰው ወንድማችን ምን እንደሚል እንጃ!)

ከዚያ ወዲያ ፑንጃቦቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ፐቦቹን ራሳቸው ያዟቸው። ዛሬ በስሜዚክና በዌስት ብሮምዊች ዴሲ ፐብ የሚባሉትን ብትገቡ፣ ሽማግሌው እንግሊዝ ቢራውን ይዞ ፍም የመሰለ ቅመም ያለው ጥብስ ሲበላ ታገኙታላችሁ። ስሙ ያው የጥንቱ ሬድ ላየን ነው፤ ባለቤቱ ሲንግ።

ፐቦቹ ግን በየዓመቱ እየተዘጉ ነው፤ አንዱ አፓርታማ፣ ሌላው ሱቅ ሆኗል። በ2011 የወጣ ሕግ የሰፈሩ ሰዎች ቤቱ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ነው ብለው ካውንስሉ ዘንድ እንዲያስመዘግቡት ይፈቅዳል፤ ተመዝግቦ ለሽያጭ ከቀረበ፣ ለመግዛት የሚፈልጉ ነዋሪዎች ገንዘብ እንዲያሰባስቡ እስከ 6 ወር ጊዜ ይሰጣቸዋል። በደቡብ ለንደን፣ ነንኸድ ያለውን አይቪ ሀውስ የተባለ ፐብ ጎረቤቶቹ በ2013 ያተረፉት በዚህ መንገድ ነው። እናንተም በምትኖሩበት ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለው ቤት የማን እንደነበረ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል ምን እንደሆነ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የአካባቢ ታሪክ ክፍል አላቸው። ያገኛችሁትን ለዝግጅት ክፍላችን ብትጽፉልን በደስታ እናወጣዋለን።