ለዋልካ አፈር ቦታ ይሰጠው

«ዘ ፓውደር ቶይ» ለተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ አንድ አዲስ ኤለመንት እንዲጨመርለት እፈልጋለሁ፦ ዋልካ አፈር።

ጨዋታውን ለማያውቁት፦ 612 በ384 ነጥብ የሆነ ባዶ ሜዳ ነው። ተጫዋቹ ውሃ፣ እሳት፣ ብረት፣ አሲድ፣ ዩራኒየም የመሳሰሉትን ኤለመንቶች እየመረጠ ይበትንበታል። እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ ሙቀት አላት፤ የአየሩ ግፊትም ይሰላል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። በነፃ የሚገኝ ሲሆን ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሉዋ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መጻፍ የሚችል ሰው የራሱን ኤለመንት ሠርቶ ሊሞክርበት ይችላል።

አዲስ ኤለመንት ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ከነባሩ የባሰ ፈንጂ ነው። ፈንጂ ግን ሞልቶታል፤ ቲኤንቲው፣ ናይትሮግሊሰሪኑ ሁሉ አለ። እኔን የሚማርከኝ ጨው ነው። ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል፣ በረዶ ላይ ሲያርፍ ያቀልጠዋል፣ ጨዋማው ውሃ ሲፈላ ደግሞ ጨዉ ተመልሶ ይቀራል። ከእነዚህ ጥቂት ሕጎች ተነስቶ ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው የጨው ማምረቻ ይሠራል። ለአዲስ ኤለመንት መመዘኛው ይህ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ዋልካ መመዘኛውን ያሟላል። ውሃ በሸክላ ማዕድኑ ስስ ንብርብሮች መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ ባቆረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌ አካባቢ ቤት የሠራ ደግሞ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ያውቀዋል።

ጨዋታው አሁንም የሸክላ ዱቄት አለው፤ በውሃ ይላቆጣል፣ ሲተኮስ ጡብ ይሆናል። ስፖንጅም አለው፣ ውሃ ይጠጣል። የሚያብጥ አፈር ግን የለውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ ነጥብ ብቻ ስለምትይዝ መጠኗ ሊያድግ አይችልም።

መፍትሔው ያለው ውሃው ላይ ይመስለኛል። ደረቅ ዋልካ የነካት የውሃ ቅንጣት እዚያው ባለችበት ወደ እርጥብ ዋልካ ትለወጥ። አፈሩ በጠጣው ውሃ ልክ ከፍ ይላል፤ ከየትም የመጣ ትርፍ የለም። ሲደርቅ ያቺው ቅንጣት ተንና ቦታዋን ባዶ ትተወው፤ ስንጥቁ ይኸው ነው። ግን ደረቁ ዋልካ እንደ አሸዋ የሚፈስ ከሆነ ስንጥቁን ወዲያው ስለሚሞላው፣ ደረቁ እንደ ጠጣር ባለበት ይቁም፤ እርጥቡ ብቻ በዝግታ ይንሸራተት። ለሚጠጣውም ውሃ ወሰን ይበጅለት፤ አለዚያ አንድ እፍኝ አፈር ሐይቅ ይጨርሳል። ጠግቦ ያበጠው ውሃ አያሳልፍ። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ የኋለኛው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ተጫዋቹም ማንጣፈፊያ ቦይ መቆፈር ይኖርበታል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። በጨዋታው ውሃ በመነሻው ሙቀት አይተንም፤ መፍላት አለበት። ዋልካ ግን ለመድረቅ እሳት ሊጠብቅ አይገባውም፤ በዚያው ሙቀትም ቢሆን ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ሞቅ ሲል ይፍጠን። ከላዩ የተሠራውን የጡብ ግድግዳ በግፊት መሰንጠቁ ከባዱ ክፍል ስለሆነ ለኋላ ይቆይ። ኮድ የሚጽፉ ወጣቶቻችን በመጠጣትና በመድረቅ ሕጎቹ ቢጀምሩ ለሙከራ ይበቃል።