አገዳው ውስጥ የቀረ ምርት

ተምች ገባ ሲባል አገር ይነቃነቃል። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ከታየ በኋላ ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳ ለማሳ ትል ሲለቅም ከርሟል። ተገቢም ነበር። የሚያሳዝነኝ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ በቆሏችንን የሚጨርሰው አገዳ ቆርቁር የዚያን ሩብ ያህል እንኳ አለመወራቱ ነው።

ጥፋቱ ከዓይን የተሰወረ ነው። የቆርቁሩ እናት የሆነችው የእሳት እራት በሌሊት መጥታ እንቁላሏን ቅጠሉ አገዳውን ካቀፈበት ሥር ትሸጉጣለች። የተፈለፈለው ትል ወደ ልቡ ወጥቶ ለጋውን ቅጠል ይበላል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ በተርታ ተበሳስቶ ይታያል። ቡቃያው ገና ትንሽ ከሆነ ልቡ ደርቆ ይቀራል። ከጠነከረ ደግሞ ትሉ አገዳውን ሰርስሮ ይገባል። አንዱን አገዳ በቢላ ለሁለት ሰንጥቆ ያየ ሰው ከአንጓ አንጓ ተቦርቡሮ፣ ቡናማ ፍርፋሪ ሞልቶት፣ ራሱ ጠቆር ገላው ነጣ ያለ ትል ተጋድሞበት ያገኘዋል። ወደ ፍሬው መሄድ የነበረበት ውሃና ምግብ እዚያው ይቋረጣል። ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ሲሸለቀቅ ግን ፍሬው የቀጨጨ፣ ጫፉ ያልሞላ ነው። ነፋስ ሲነሳ አገዳው ይሰበራል፤ ትሉ ቆረቆንዳው ውስጥ ከዘለቀ ሻጋታ በቀዳዳው ይከተላል። በምሥራቅ አፍሪካ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይገመታል። ገበሬው ግን «ዘንድሮ ዝናቡ አጠረ» ብሎ ያልፈዋል።

ለቀጣዩ ክረምት ጉዳት የሚደገሰው በበጋ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቆሎው ሲታጨድ ትሉ ደረቁ አገዳ ውስጥ አድፍጦ ይቀራል፤ ዝናብ ሲጥል የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። አገዳው ደግሞ በየጓሮው ተከምሮ ቆሟል። «አቃጥሉት» የሚለው ምክር ለብዙ ቤት አይሆንም፤ አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ሚያዝያ ላይ ለላሟ የምትሰጠው ሌላ ነገር የሌላት እናት እንዴት ታቃጥለው? አገዳውን ወዲያው አቁሞ ከመከመር ይልቅ አራት ሳምንት ያህል መሬት ላይ አጋድሞ ፀሐይ ማስመታት አብዛኛውን ትል እንደሚገድለው ሐዋሳ ላይ የተደረገ ምርምር ካሳየ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በኋላ ሰብስቦ መከመር ይቻላል። ወጪ የለውም።

ነገር ግን አንድ ቤት ብቻውን ቢደክም ከጎረቤት ክምር የሚወጣው የእሳት እራት ድንበር አያግደውም። ስለዚህ ጉዳዩ የቀበሌ ነው። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ በነቂስ ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ እንዲህ ያለ አቅም ያለው ቀበሌ አገዳ በአንድ ሰሞን እንዲጋደም ማስማማት አያቅተውም። የልማት ሠራተኞች ይህን ከአጨዳው በፊት፣ ጥቅምት ላይ ከገበሬው ጋር ቢመክሩበት እወዳለሁ። ክምሩ አንዴ ከቆመ በኋላ አፍርሶ ለማስጣት የሚተርፍ ጉልበት በየትኛውም ቤት አይገኝም።