ሦስቱ ደረጃዎች

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠዋት እናቴን ይዤ ለምርጫ ወጣሁ። ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። ከቤታችን እስከ ቀበሌው አዳራሽ ያለችውን አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ አርፈን ደረስን። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ አስፋልት ላይ ወጥቷል። ከፊታችን የነበሩት ወጣቶች ሲያዩአት «እማማ፣ እርስዎማ ይለፉ» ብለው መንገድ ለቀቁላት፤ አስመራጮቹም ያለ ተራ እንድትገባ ፈቀዱ። ደግነት ያልጎደለበት ቀን ነበር። አዳራሹ በር ላይ ግን ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፣ መደገፊያ የላቸውም። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው አነሷት፤ ስትወጣም እንደዚያው አወረዷት። ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ «ድምፄንስ ሰጠሁ፤ ግን እንደ ዕቃ ተሸክመው ነው ያስገቡኝ» አለችኝ።

ለዚያ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ ነበር። ሰልፉ አላልቅ ሲል የምርጫ ቦርዱ የድምፅ መስጫውን ሰዓት ከምሽቱ 12 ወደ 3 ሰዓት አራዘመው። ተገቢ ውሳኔ ነበር። ሆኖም የሰዓት መራዘም የሚጠቅመው ቆሞ መጠበቅ የሚችለውን ነው። ነፍሰ ጡሯ፣ ክራንች የያዘው፣ ልጅ ያዘለችው መቀመጫና ከዝናብ መጠለያ ይፈልጋሉ።

ምርጫ የሚያስፈጽመው የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንጂ ወረዳ ወይም ቀበሌ አይደለም። እንደዚያ መሆኑም ደግ ነው፤ ወረዳው ኮሮጆና ድምፅ መስጫ ወረቀት አጠገብ እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው የለም። አዳራሹ ግን የማን ነው? ደረጃው፣ መብራቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው ጭቃስ? የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው ያዘዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። እናቴን ልጆች ተሸክመው ያስገቧት አዋጁ ከወጣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ለድንኳንና ለወንበር ደግሞ በጀት እንኳ አያስፈልግም። የሰፈራችን እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ለለቅሶ በአንድ ሌሊት ይተከላል። ወረዳው ከሳምንት በፊት የእድሩን ዳኛ ቢያነጋግር እምቢ የሚል ያለ አይመስለኝም።

ከደረጃው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቀረው ግን መታወቂያ ነው። ጎረቤታችን ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ከአገሯ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ዕድሜዋም 18ን አልፎ ነበር። ሕጉ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን ነው የሚጠይቀው። የምርጫ ካርድ ለመውሰድ ፈልጋ፣ አሠሪዋ ፈቅደውላት፣ መታወቂያ ለማውጣት ወረዳ ሄደች። «መሸኛ አምጪ» አሏት። መሸኛው የሚጻፈው ተወልዳ ባደገችበት ቀበሌ ነው። ለማምጣት የአውቶቡስ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ የሦስት ቀን ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ እዚያ ስትደርስም የሚፈርመው ሰው ቢሮው መገኘት አለበት። አልሄደችም። መታወቂያ የሌለው ሰው በሌላ ማስረጃ ሊመዘገብ የሚችልበት መንገድ በሕጉ እንዳለ እኔ ራሴ ያወቅሁት ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። ለእሷ የነገራት አልነበረም።

በዚያ ዓመት ምዝገባው ቀዝቅዞ ቀኑ ሲራዘም «ሕዝቡ ፍላጎት አጣ» ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ያቺን ልጅ አስባለሁ። ፍላጎት ነበራት፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር ወረዳ የሄደችው።

መሸኛውን ወረዳው ራሱ ለምን አይጠይቅላትም? ሁለቱም የመንግሥት ቢሮዎች ናቸው፤ ስልክ አላቸው፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። የልጅቷን ሦስት ቀን የሚበላው ጉዳይ በሁለት ሠራተኞች መካከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከምዝገባው ሦስት ወይም አራት ወር አስቀድሞ የመታወቂያ ሠራተኞች እሑድ እሑድ በየሰፈሩ ቢቀመጡ፣ ጊዜው ያለፈበትን ቢያድሱ፣ አዲስ ለሚያወጣው ማስረጃውን እዚያው ቢያሟሉለት ብዙ ሰው ይተርፋል። እሑድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ካገኘች የምታገኘው እሑድ ነው። ጥበቃ ላይ የሚሠሩ፣ በምርጫው ዕለት ተረኛ ስለሆኑ ካርዳቸውን ኪሳቸው ይዘው የሚውሉ ሰዎችም አሉ፤ ወረዳው ለአሠሪዎቻቸው ፈረቃ እንዲያቀያይሩላቸው በጊዜ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአገራችን የቀበሌ ሰው ስለ ምርጫ በር ሲያንኳኳ ቤተሰቡ ዝም ይላል። ከአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን የቀረ ትዝታ አለ፦ ማን ካርድ ወሰደ፣ ማን ቀረ እየተባለ በስም ይጠየቅ ነበር። ስኳርና ዘይት ሲመጣ የሚያከፋፍለው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ «ካርድ አውጡ» የሚለውም አንድ ቢሮ ሲሆን፣ ሰውየው በጎ ሐሳብ ይዞ ቢመጣ እንኳ የቤቱ ባለቤት የሚያስበው ሌላ ነው። «ካልሄድኩ መታወቂያዬን አያድሱልኝ ይሆን?» ይላል። እንደዚህ ፈርቶ የሄደን ሰው ምርጫ ተመቻቸለት ልል አልችልም።

ስለዚህ ከወረዳው የምፈልገው እርዳታ ደጅ ላይ የሚያበቃ እርዳታ ነው። ደረጃውን ያስተካክል፤ መታወቂያውን ይስጥ፤ የምዝገባ ጣቢያው የት እንደሆነና ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ በትልቅ ጽሑፍ በየግድግዳው ይለጥፍ፤ መስማት ለተሳናቸው ነዋሪዎች የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ያዘጋጅ። ማን እንደተመዘገበና ማን እንደቀረ ግን አይጠይቅ፣ ዝርዝርም አይያዝ። ቤት ለቤት መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚሄዱት በቦርዱ ፈቃድ የመራጮች ትምህርት የሚሰጡ ሲቪል ማኅበራት ይሁኑ።

ይህን ሁሉ የምጠብቀው ነዋሪው ራሱ ለመምረጥ ብዙ ከዘገየበት የመንግሥት እርከን መሆኑንም አልዘነጋሁትም። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች በ2005 ዓ.ም. ተመርጠው ነበር፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው ምርጫ ተራዘመ። ነዋሪው የወረዳውን ምክር ቤት አባል በድምፁ ማውረድ ቢችል፣ እነዚያ ደረጃዎች ለምን እንዳልተስተካከሉ የሚጠየቅ ሰው ይኖር ነበር።

ባለፈው ወር እናቴ መታወቂያዋ ጊዜው አልፎ ልታሳድስ ሄደች። የመታወቂያው ክፍል እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አብሮን አንድ የማውቀው ግንበኛ ስለነበረ፣ እሷ ተራ ስትጠብቅ ደረጃዎቹን እንዲያይልኝ ለመንኩት። በእርምጃ ለካ፤ በደረጃዎቹ ፋንታ ተዳፋት ተሠርቶ ከግቢው በር ቢጀምር ለተሽከርካሪ ወንበርም እንደሚመች በእጁ አሳየኝ። በሁለት ቀን ያልቃል አለኝ፣ ከብረት መደገፊያው ጋር ሦስት ቀን። ጥቂት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ነው የጠየቀው። ከዚያ ሁለታችንም ገብተን እናቴን በብብቷ ይዘን አወረድናት።