ሰባት ቤት ስንቆጥር የረሳነው

ከጋብቻ በፊት እኔና ባለቤቴ ከምናስተምራቸው እጮኛሞች መካከል አንዲት እህት ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች። «እትዬ፣ የእርሱ አባት ስኳር አለባቸው፤ የእኔም እናት አለባት። ተጋብተን በልጆቻችን ላይ ልንፈርድ ነው ወይ?» አለችኝ። የእናቷን ነገር እርሱ አያውቅም ነበር።

ልገሥጻት ከጀመርኩ በኋላ አፈርኩ። አባቴ በስኳር ምክንያት እግሩ ሲቆረጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለባለቤቴ ግን «አደጋ ደርሶበት ነው» ብዬ ነው ያገባሁት። እውነቱን የነገርኩት ሦስተኛ ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በየቤቱ ያለውን በሽታ ግን እንሸፍነዋለን።

ዓይነት ሁለት የሚባለው የስኳር በሽታ በእርግጥ በቤተሰብ ይሄዳል። ሆኖም አንድ «የስኳር ዘረ-መል» ኖሮ እርሱን የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ-መሎች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ ብዙዎቹም ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን ይነካሉ። ከወላጆች አንዱ ካለበት ልጁ በዕድሜው የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 40 ገደማ፣ ሁለቱም ካለባቸው እስከ 70 እንደሚደርስ ይገመታል።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ዘር ብቻውን አይፈርድም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ይህ በሽታ በመካከላቸው ከስንት አንድ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ሐኪሞች በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር አገኙት። ዘራቸው አውሮፕላን ላይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዱና የእግር መንገዱ ነው።

ቻይናውያንም ብዙ ሳይወፍሩ በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ዳቺንግ በምትባል ከተማቸው ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ 577 ሰዎች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ ለ6 ዓመት አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተደረገ። 30 ዓመት ሲከታተሏቸው በሽታው የያዛቸው ከሌሎቹ 4 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው፤ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱትም አነሱ። አራት ዓመት ምን አላት የሚል ቢኖር፣ የአባቴን የመጨረሻ አራት ዓመት ልንገረው።

እኛስ በወልቂጤ? አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። እንግዳ መጥቶ ለስላሳ ካልተከፈተለት ያከበርነው አይመስለንም። (ክትፎውን አልነካም፤ ጠብ አልፈልግም።)

እኔም ባለፈው ዓመት ምግብ ሳልቀምስ አድሬ ስመረመር 118 ሆነ። ከ100 በታች ጤናማ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና በሽታው ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ባለቤቴም እያጉረመረመ ሻዩን ያለ ስኳር ለምዷል። ነፍሰ ጡር እህቶች ደግሞ በቤተሰባችሁ ስኳር ካለ ክትትል ስትጀምሩ ተናገሩ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ ስኳርም አለና።

ያቺን እህት «ዛሬውኑ ንገሪው» አልኳት፤ ነገረችው። አብረው ሄደው ተመረመሩ፤ የእርሷ ጤናማ ሲሆን የእርሱ 107 ወጣ። ይህንን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። ሠርጋቸው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ለስላሳውን ቀንሰን ውኃ እናብዛ ብለዋል። የእርሱ እናት ግን ገና አልተስማሙም።