እኛም ጳጳስ የለንም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቆጣ አይቀርም። ስለ ዊካ ተከታዮች ነው። ዊካ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዛዊው ጄራልድ ጋርድነር ያስፋፋው እምነት ነው። ብዙዎቹ ተከታዮቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አምላክ ያመልካሉ፣ የወቅቶችን መፈራረቅ በሥርዓት ያከብራሉ፣ ራሳቸውን ጠንቋይ ብለው የሚጠሩም አሉ። ሰይጣንን እንደማያመልኩ ይናገራሉ። በኛ ዲን ሚዛን ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሺርክ ነው፣ ሲሕርም አለበት። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ጽሑፉን ሳይጨርስ ኮመንት ላይ «ለሲሕረኛ ጥብቅና ቆመሃል» የሚል ወንድም ስለማይጠፋ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሳጅን ፓትሪክ ስቲዋርት የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት ብሔራዊ ዘብ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2005 አፍጋኒስታን ውስጥ የተሳፈረበት ቺኑክ ሄሊኮፕተር ተመትቶ ወደቀ። እሱና አራት ባልደረቦቹ ሞቱ። አገሩ ሜዳሊያ ሸለመችው። ባለቤቱ ሮበርታ ስቲዋርት፣ ፈርንሊ በምትባል ከተማ ባለው የወታደሮች መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲደረግለትና ከስሙ ጋር የእምነቱ ምልክት እንዲቀረጽ ጠየቀች። ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለች ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ናት። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያስፈጽመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አልፈቀደም። ኮከቧ ከተፈቀዱት ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ የለችም አለ። በግድግዳው ላይ የሌሎች ስም ሲሰፍር የእሱ ቦታ ባዶውን ቀረ።

በዚያን ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ 38 ምልክቶች ነበሩ። መስቀል በብዙ ዓይነቱ አለ። የአይሁዶች ኮከብ አለ። የቡድሂስቶች መንኮራኩር አለ። ፈጣሪ የለም የሚሉት እንኳ የራሳቸው ምልክት አላቸው። ጨረቃና ኮከብም አለ። (ጨረቃና ኮከብ በርግጥ የእስልምና ምልክት ነው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ መዝገባቸው ላይ ግን በኛ ስም ተይዟል።) የዊካ ተከታዮች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደጋግመው ሲያመለክቱ ኖረዋል። የሌሎቹ ማመልከቻ ሲጸድቅ የነሱ ይንከባለላል።

እዚህ ጋር ነው ጉዳዩ እኛንም የሚነካው። መሥሪያ ቤቱ አንድን ምልክት ለማጽደቅ ይጠይቅ ከነበረው አንዱ፣ ከእምነቱ ማእከላዊ መሪ ወይም የበላይ አካል የተሰጠ ማረጋገጫ ነው። የዊካ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ የበላይ የላቸውም። በትንንሽ ቡድን ወይም ለብቻቸው ነው የሚያመልኩት። «አለቃችሁ ማነው?» ሲባሉ መልስ አጡ፤ መልስ ስላጡም እምነታቸው እንደ እምነት ሳይቆጠር ቀረ።

እስቲ አስቡት። እኛስ አለቃችን ማነው? እኛም ጳጳስ የለንም። በአላህና በባሪያው መካከል የሚቆም ካህን የለም፣ ለዓለም ሙስሊም ሁሉ ማኅተም የሚያደርግ ቢሮም የለም። ያ መስፈርት የተሰፋው በቤተ ክርስቲያን አደረጃጀት ልክ ነው። ለኛ የጠበበን ያልመሰለን ቁጥራችን ስለበዛና ስማችን ስለታወቀ ብቻ ነው። የመንግሥት ቢሮ «ተወካያችሁ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደሚከተል፣ የመጅሊስን ታሪክ ለሚያውቅ የአገሬ ወጣት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሚገርመው፣ እምነቱ ለራሱ ለጦሩ አዲስ አልነበረም። ጦሩ በ1978 ለቻፕሊኖቹ ባሳተመው መመሪያ ውስጥ ዊካ ተካትቷል። በ1986 ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሃይማኖት ነው ብሏል። ታዲያ ችግሩ የወረቀት ብቻ ነበር? አይመስለኝም። በ1999 ቴክሳስ በሚገኘው ፎርት ሁድ የጦር ሰፈር የዊካ ወታደሮች ሥርዓታቸውን እንደሚያደርጉ ሲሰማ ቦብ ባር የተባለ የምክር ቤት አባል ይከልከል ብሎ ተነሣ። የግዛቲቱ አገረ ገዥ የነበረው ጆርጅ ቡሽም በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥንቆላ ሃይማኖት ነው ብሎ እንደማያምን ተናገረ። እኚሁ ሰው ቆይተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የከሳሾቹ ጠበቆች ያ ንግግር በመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ላይ ተጽዕኖ እንደነበረው ተከራክረዋል።

በመጨረሻ የኔቫዳ ግዛት መካነ መቃብሩ የኔ ነው ብሎ በ2006 መጨረሻ ኮከቧ ያለችበትን ሰሌዳ በራሱ ሥልጣን ሰቀለ። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ተከሶ ነበር፤ ጉዳዩ ሚያዝያ 2007 በስምምነት አለቀ። ኮከቧ 39ኛ ምልክት ሆና ገባች።

«ሙስሊም አገር ሊዋጋ ሄዶ ለሞተ ወታደር እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ስለዚያ ጦርነት ብዙ የምንለው አለን፣ ሌላ ቀን እንልበት። አሁን የምንነጋገረው መንግሥት የማን እምነት እምነት እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን አለው ወይ በሚለው ላይ ነው። ሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አያ ላይ ዐድል ለምንወዳቸው ብቻ እንዳልሆነ ተምረናል። ለሰው ሐቁን መስጠት እምነቱን መቀበል አይደለም። ይህን መለየት ያቃተው ሰው ነገ በሒጃብ ጉዳይ ሲጮህ ማን ይሰማዋል?

በዚያው ጦር ውስጥ የኛ ሰዎች መብት እንዴት እንደመጣ ተመልከቱ። በ1986 አንድ አይሁዳዊ የአየር ኃይል መኮንን ቆብ ማድረግ ተከልክሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረና ተረታ። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ ሕግ አውጥቶ በሩን በመጠኑ ከፈተው። ከዚያ ሲክ ወታደሮች ስለ ጺማቸውና ጥምጣማቸው ዓመታት ታገሉ። በጥር 2017 የምድር ጦሩ መመሪያ ሲወጣ ከጥምጣምና ከጺም ጋር ሒጃብም አብሮ ተፈቀደ። ዛሬ ሒጃብ ለብሳ የምታገለግል ሙስሊም ሴት አይሁድና ሲክ በከፈቱት በር ነው የገባችው። በተቃራኒው በ2003 ጓንታናሞ ያገለግል የነበረው ሙስሊሙ ቻፕሊን ጀምስ ዪ በስለላ ተጠርጥሮ 76 ቀን ለብቻው ታስሯል፤ በቀጣዩ ዓመት ክሱ ተቋርጧል። የሌላው እምነት እንግዳ በሚሆንበት ቦታ የኛም እምነት እስከ ምን ድረስ እንግዳ እንደሆነ ያኔ ታይቷል።

በሩ ደግሞ ተከፍቶ የቀረ አይደለም። በሴፕቴምበር 2025 የመከላከያ ኃላፊው ፒት ሄግሴት ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ባደረገው ንግግር ጺም ያለው ወታደር ማየት እንደማይፈልግ ተናግሯል። ወዲያው ድምፃቸውን ያሰሙት ሲኮች ናቸው። ጺሙን ለሱና ብሎ ያሳደገ ሙስሊም ወታደር አሁን የሚጠብቀው፣ የተሰጠው ፈቃድ ይጸናለት እንደሆነ ነው።