አልጋ ወይስ ምልልስ?



ባለፈው ወር አያት አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን የእግራቸው ቁስል አመርቅዞ ለሰባት ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ልጃቸውም፣ «ኡስታዝ፣ የአልጋው ሒሳብ ከሚያስጨንቀን እማዬ ቤቷ እያደረች ብናመላልሳት አይሻልም?» ሲል አማከረን። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን አብረን ተቀመጥን።

ተኝቶ ለሚታከም የአልጋና የክትትል ክፍያ አለ፤ አስታማሚ አብሮ ያድራል፤ ምግብም ከቤት ይመላለሳል። ተመላላሹ ከአልጋው ክፍያ ይድናል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ በሰባት ቀን 14 ጊዜ መሄድ፣ 14 ጊዜ መመለስ አለ። በሽተኛዋና አንድ ደጋፊ ሲቆጠሩ የ56 ሰው መሳፈሪያ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ቢነሣም እግሩ ያበጠ ሰው ኮንትራት ታክሲ መያዙ አይቀርም። በዚህ ላይ የመርፌ መውጊያው ክፍያና ደጋፊው ከሥራ የቀረበት ቀን ይታከልበታል።

ልጁ ይህን ወረቀት ይዞ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላልን? ሴፍትሪያክሶን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚቆይ ለብዙ ሕመሞች በቀን አንዴ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ 56ቱ 28 ይሆናል። ሁለተኛ፣ መርፌውን በሐኪሙ ማዘዣ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይቻላልን? ሦስተኛ፣ ወደ ክኒን መዛወር የሚቻለው መቼ ነው? በብሪታንያ 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በክኒን የታከሙት በመርፌ ከታከሙት ያነሰ ውጤት እንዳልነበራቸው አሳይቷል።

ሐኪሙ በቀን አንዴ፣ በሰፈር ጤና ጣቢያ እንዲሆን ፈቀደ። በአራተኛው ቀን እብጠቱ ሲጎድል እናትየው፣ «ድኛለሁ፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ» አሉ። ልጁ ግን አልሰማቸውም፤ ሰባቱን ቀን አስፈጸማቸው። እኛም ደግ አደረገ እንላለን። በግማሽ የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን መልሶ ሊያመጣ ይችላልና፣ ዞሮ ዞሮ ከአልጋው ይበልጥ ሊያስወጣ ይችላል።

ሆኖም ትንፋሽ ላጠረው፣ ራሱን ለሳተ ወይም ምግብና ውኃ ለማይረጋለት ሰው ሒሳብ አይቀመጥም፤ ይተኛ። ተመላላሹም ካኑላው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ብርድ ብርድ ካለው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ይሂድ።

አላህ ሕሙማንን ሁሉ ያሽርልን።