የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይቆጥራል፣ ማተሚያ ቤቱ ይለጥጣል

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ላይ ቆም ያለ ሰው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያያል። ሱቆቹ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ተሰቅሏል፤ የጥለቱ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው። ከሱቆቹ በላይ ደግሞ ባነር ተወጥሯል። ባነሩ ላይም ጥለት ታትሟል፤ ግን ጠርዙ ጥርስ አውጥቷል፣ ዙሪያው ደብዝዟል። በእጅ የተሠራው ጥርት ብሎ በማሽን የታተመው ለምን ይበላሻል?

ብዙ ደንበኛ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ይጥላል። ማሽኑ ግን የተሰጠውን ነው ያተመው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ የተወሰደ አንድ ዓርማ ወርዱ 300 ፒክስል ነው እንበል። ጥሩ የመጽሐፍ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ዓርማ በጥራት የሚታተመው በ2.5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ብቻ ነው፤ የቢሮ ማኅተም እንኳ አያክልም። ይኸው ዓርማ በ3 ሜትር ባነር ላይ ሲለጠጥ እያንዳንዱ ፒክስል የ1 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ እንደ መጽሐፍ ጥራት አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። የ1 ሳንቲ ሜትር ጥርስ ግን ከመንገዱ ማዶም ይታያል።

ሶፍትዌሩ ምስል ሲያሳድግ የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ እያንዳንዱን ፒክስል ደጋግሞ ይገለብጣል፤ ያኔ ሰያፉ መስመር ደረጃ ይሆናል። ወይ የጎረቤት ፒክስሎችን አማካይ ወስዶ ክፍተቱን ይሞላል፤ ያኔ ጠርዙ ይደበዝዛል። የፊት ፎቶግራፍ ይህን ይችለዋል። ጥቁርና ነጭ የመስመር ሥዕል፣ ጥለት፣ መስቀል፣ ፊደል ግን አይችለውም፤ ሕይወቱ ጠርዙ ላይ ነውና።

ሸማኔው ይህን ችግር ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀዋል። ድርና ማግ ራሱ የካሬዎች መረብ ነው፤ ጥለት ላይ ያለ ሰያፍ መስመር ሁሉ በእርከን ነው የሚወጣው። ጥርት ብሎ የሚታየው እርከኑ ክር የሚያህል ቀጭን ስለሆነ ነው። ጥለቱ በእጥፍ ይስፋ ቢባል እያንዳንዱ እርከን በእጥፍ እንዲወፍር ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እርከኑን በክሩ ልክ ጠብቆ ቅርጹን እንደ አዲስ ይቆጥራል። የሚያድገው ቅርጹ ነው፣ እርከኑ ባለበት ይቆያል።

በኮምፒዩተርም ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ትንሹ የመስመር ሥዕል በመጀመሪያ ለስላሳ በሆነው ዘዴ አራት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ቀጥሎ ከግማሽ በላይ የጠቆረው ሁሉ ጥቁር፣ የቀረው ነጭ ይደረጋል፤ የደበዘዘው ጠርዝ እንደገና ይቆረጣል፣ ጥርሱም በብዙ ይለዝባል። በመጨረሻ ጠርዙ ወደ ቬክተር ይለወጣል። ቬክተር ሥዕሉን በነጥብ ፋንታ በመስመርና በኩርባ ስለሚይዝ፣ ከቢዝነስ ካርድ እስከ ሕንፃ ግድግዳ ቢያድግ አይበላሽም። ለዚህ ሥራ የሚከፈል ነገር እንኳ የለም፤ ፖትሬስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ አለ፣ ኢንክስኬፕ በተባለው ነፃ የሥዕል ሶፍትዌር ውስጥም ተካቷል።

«አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፣ በአንድ ጠቅታ ያስተካክለዋል» የሚል መልስ ይሰማል። እነዚህ መሣሪያዎች በእርግጥ አስደናቂ ናቸው፤ ግን የጠፋውን የሚሞሉት በግምት ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ለግምት አይመችም። ሰ እና ሸ የሚለዩት በአናት ላይ ባለች ጭረት ነው። ቡ እና ቢ የሚለዩት ትንሿ ቅጥያ በወገብ ወይም በእግር በመሆኗ ነው። በትንሽ ምስል ላይ ያቺ ቅጥያ ሁለት ሦስት ፒክስል ብትሆን ነው። ማሽኑ ጠርዙን ሲያለሰልስ ከዋጣት ስም ይለወጣል። ስለዚህ የሰው ዓይን ሳያየው መታተም የለበትም።

የነገሩ ሥር ግን ገንዘብ ነው። ባነር የሚከፈለው በካሬ ነው። ደንበኛው ከስልኩ ስክሪን የቆረጠውን ዓርማ ይዞ ይመጣል፣ ዲዛይነሩ ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ይሥለዋል፤ ደረሰኙ ላይ ግን ያ ድካም የለም። ሳይሥል የለጠጠውና በጥንቃቄ የሣለው እኩል ከተከፈላቸው መንገዱ በተለጠጠ ምስል ቢሞላ ምን ይገርማል? የሥዕሉ ዋጋ ከኅትመቱ ተለይቶ መጠየቅ አለበት፤ ደንበኛውም ሊከፍለው ይገባል። መሥሪያ ቤቶችም አንዴ የተሣለላቸውን ዓርማ በቬክተር ተረክበው ያስቀምጡ። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፎቶ ከሚልኩ እንደ ፋይል ይላኩ፤ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ይጨመቃል።

ባነር ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይወርዳል። ጥለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጉት፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋማ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች፣ ቆጠራውን የያዙት በጭንቅላታቸውና በእጃቸው ነው። ዛሬ ከአንድ ጥለት የሚቀረው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ለሽያጭ የተነሣ የስልክ ፎቶ ነው። ሸማኔው ሲያልፍ ከዚያ ፎቶ ቆጠራውን መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ክሩ ከፒክስሉ ይቀጥናልና።

ሸማኔዎቹ በሕይወት እያሉ ጥለቶቹ ክር በክር ተቆጥረው፣ ከባለሙያው ስም ጋር በቬክተር ቢመዘገቡ ውድ ሥራ አይሆንም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው አለ፣ ቁልቁል ሲወረድ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አለ። የቀረው ኮምፒዩተሩን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ነው።